«ጠብ የለንም፤ ሰላምም የለንም»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከልደታ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ37 ዓመት ሴት ነኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴ፣ ከ11 ዓመት ሴት ልጄ፣ ከ6 ዓመት ወንድ ልጄና ከአማቴ ጋር እኖራለሁ። አማቴ ከደሴ ከመጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ለገሃር አካባቢ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ራይድ ይሠራል፤ ማታ 3 ሰዓት፣ አንዳንዴም 4 ሰዓት ነው የሚገባው።

ቤታችን ውስጥ ጠብ የለም። ሰላምም ግን የለም። ሁላችንም አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን ሁላችንም ስልክ ላይ ነን። እኔ በረባ ባልረባው እጮኻለሁ። ባለፈው ትንሹ ልጄ ጫማውን በር ላይ ጥሎት ሳገኘው ጮህኩበትና ደንግጦ አለቀሰ። እኔም መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ቲክቶክ ላይ እቀመጣለሁ። ሳላስበው 7 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት የምነሳው ተጎትቼ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ አዘነችልኝና አንድ ዝርዝር ላከችልኝ። 11 ሰዓት ተነሺ፣ ጸልዪ፣ ስፖርት ሥሪ፣ የሎሚ ውሃ ጠጪ፣ ሜዲቴሽን አድርጊ፣ የምታመሰግኚበትን ነገር ማስታወሻ ላይ ጻፊ ይላል። አትሜ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ሳምንት አልቆየሁበትም። አሁን ወረቀቱን ባየሁ ቁጥር ራሴን እጠላለሁ። አማቴ ‹ዓይን ነው፣ ጠበል ተጠመቂ› ይሉኛል። ባለቤቴ ‹አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ› ይለኛል።

እትዬ፣ ታምሜ ነው ወይስ ሰንፌ? ከዝርዝሩ ከየትኛው ልጀምር?

ደክሞኛል ባይ»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንሺው። ዛሬውኑ።

የተጻፉት ነገሮች መጥፎ አይደሉም። ጸሎት ጥሩ ነው፣ ስፖርት ጥሩ ነው፣ የሎሚ ውሃም ማንንም አልገደለም። ግን ያንን ዝርዝር ያወጣው ሰው፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ አማት አብራው የምትኖር አይመስለኝም። ዩኒፎርም የሚተኩስለት ልጅም የለውም። ሌሊት 7 ሰዓት የተኛችን ሴት 11 ሰዓት ተነሺ ማለት አራት ሰዓት ተኝተሽ ሥሪ፣ አብስዪ፣ ታገሺ ማለት ነው። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። አንቺ ከዚያ በታች ነው የምታገኚው። ስለዚህ «ሰንፌ ነው ወይ?» ላልሽው መልሱ አይደለም ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሜዲቴሽን ሲቀመጥ የሚያንጎላጀው ለዚህ ነው።

ሌላም ያላየሽው ነገር አለ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ አንቺ ብቻሽን የምታደርጊው ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ያየሁት ድካም ግን የአምስት ሰው ድካም ነው። ባልሽ ደክሞታል። ልጅሽ ስልክ ውስጥ ተደብቃለች። አማትሽን ደግሞ በሁለት መስመር አለፍሻቸው፤ እኔ ከሁሉም ይልቅ እሳቸው ላይ ነው የቆምኩት። ቆይ፣ እደርስበታለሁ። «ታምሜ ነው?» ያልሽውንም አልዘለልኩትም። እሱን በመጨረሻ ነው የምመልሰው።

ከሌሊቱ እንጀምር።

ለምን እስከ 7 ሰዓት እንደምትቆዪ የማውቅ ይመስለኛል። «እማዬ!» የማይባልበት ብቸኛ ሰዓትሽ እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ነሽ፤ ሁሉም ሲተኛ የራስሽ ትሆኛለሽ። ይህ ሰዓት አይገባሽም የምልሽ እንዳይመስልሽ። ይገባሻል። ችግሩ ከእንቅልፍሽ ላይ ነው የምትወስጂው፤ የምትሰጪውም ለቲክቶክ ነው። አንዱ ቪዲዮ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል፤ መጨረሻ የለውም። ለዚያ ነው ሳታስቢው 7 ሰዓት የሚሆነው።

ስለዚህ ስልክሽ ሳሎን ይደር። መኝታ ቤት አይግባ። ቻርጀሩን ከአልጋው አጠገብ ንቀይና ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሰኪው። «አላርሜስ?» ካልሽ፣ መርካቶም ፒያሳም የጠረጴዛ ሰዓት በርካሽ ይሸጣል። ወይም ባልሽ ይቀስቅስሽ፤ ሥራው ስልኩ ላይ ስለሆነ እሱ ከዚህ ሕግ ውጪ ነው። የሌሎቻችሁ ስልክ ግን ከ3 ሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ ነው። የልጅሽም፣ የአንቺም። ለልጅሽ ብቻ የወጣ ሕግ እንዳይሆን ግን። የ11 ዓመት ልጅ እናቷ የማታከብረውን ሕግ አታከብርም። ለነገሩ ቲክቶክ ራሱ በሕጉ ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ አይፈቅድም። ይህን ንገሪያት፤ ግን እንደ ክስ አታድርጊባት።

ከቡና ጋር ያለሽን ነገርም እዪው። አብዛኛው ሰው ቡና ከጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ የካፌይኑ ግማሽ ገና ሰውነቱ ውስጥ አለ። ቢሮ 10 ሰዓት ላይ ለማንቃት ብለሽ የምትጠጪው ማኪያቶ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ከአንቺ ጋር ነው። ከዚያ ላይ ማታ ቤት ቡና ከተፈላ አስቢው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ሻይ ቅጠል የሌለበት የዝንጅብል ወይም የጤና አዳም ነገር ጠጪ። ቁርስ ዘለሽ በቡና ብቻ የምትውዪ ከሆነ ደግሞ ማታ የሚጮኸው ሆድሽም ጭምር ነው።

ልጆቹም እንደዚሁ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ለትምህርት ቤት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ልጅ ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ እንደሚነሳ አውቃለሁ። «አባቱን ሳያይ ይተኛ?» ትያለሽ። ልጆቹን ጠዋት ማን እንደሚያደርሳቸው አልጻፍሽም። ባልሽ መኪና አለው። ከቻለ እሱ ያድርሳቸው። መኪና ውስጥ ሁሉም ወደፊት ነው የሚያየው፤ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይነግሩሽን ነገር ከኋላ ወንበር ሆነው ይናገራሉ። ሩብ ሰዓትም ብትሆን ማታ እንቅልፍ እያንገላታው ከሚያየው አባት ትሻላለች።

አሁን ወደ ጫማው።

አንድ ማታ እንዴት እንደምትገቢ በዓይነ ህሊናዬ ልየው። ታክሲ ውስጥ ተጣብቀሽ መጥተሻል። አራት ፎቅ ወጥተሻል። ቦርሳሽ ገና ከትከሻሽ አልወረደም። በሩን ስትከፍቺ ጫማ። ከወጥ ቤት «ውሃ ሄዷል» የሚል ድምፅ። ልጅሽ «እማዬ፣ ለነገ ብር አምጡ ተብለናል»። ትንሹ ቀሚስሽን ይጎትታል። ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። ከእነዚህ ሁሉ መልስ የማይሰጠው ጫማው ብቻ ስለሆነ ጫማው ላይ ትጮኺያለሽ። ጫማው ግን ባለቤት አለው፤ እሱም 6 ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አድርጊ።

አንደኛው ከቤት ከመድረስሽ በፊት ነው። ማታ ታክሲውን ተዪውና ከለገሃር በእግርሽ ነይ። የባቡሩን መስመር ተከትለሽ በሜክሲኮ፣ በተግባረዕድ አድርገሽ ልደታ ድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ያለውን የታክሲ ሰልፍ ካሰብሽው ብዙም አትዘገዪም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል። ግማሽ ሰዓት በአምስት የሥራ ቀን ስታባዢው ስንት እንደሚመጣ ለሂሳብ ሠራተኛ አልነግርም። ጂም አያስፈልግሽም፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ፈጠን በዪ፤ ማውራት የምትችዪ፣ መዝፈን ግን የሚከብድሽ ፍጥነት ይሁን። ጠፍጣፋ ጫማ ቢሮ አስቀምጪ። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ አስገቢው፤ ለጤናሽም ይበጃል፣ ከሌባም ያድናል። ክረምት ሲገባ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የማይቻልበት ቀን ይበዛል። ያኔ ባቡር ያዢ፣ አትጨነቂ። የመንገዱ ትልቁ ጥቅም ግን ለእግርሽ አይደለም። የቢሮውን ነገር ሜክሲኮ ላይ ጥለሽው እንድትገቢ ነው።

ሁለተኛው በሩ ላይ ነው። ልጆቹን እሁድ ቀን፣ ሳትናደጂ፣ አስቀምጠሽ ንገሪያቸው። «ማታ ስገባ ሰላም እላችኋለሁ፣ እስማችኋለሁ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ክፍሌ እገባለሁ። ስወጣ ሁሉንም እሰማችኋለሁ» በያቸው። ልብስሽን ቀይሪ፣ እግርሽን ታጠቢ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። የውሃው ነገር አሥር ደቂቃ ይቆያል፤ ሄዷል አይደል፣ የት ይሄዳል ከዚያ በላይ። ትንሹ ግን ተከትሎሽ ይገባል። አታስወጪው። የ6 ዓመት ልጅ አሥር ደቂቃ ምን እንደሆነች አያውቅም።

ከጮኽሽም ትጮኺያለሽ። ማንኛችንም መላእክት አይደለንም። ከዚያ በኋላ የምታደርጊው ነው ዋናው። መታጠቢያ ቤት ገብተሽ አልቅሰሽ ስትወጪ ልጁ የሚያየው እናቱ ጮኻ በሩን ዘግታ እንደጠፋች ነው። በእሱ ሂሳብ ያስለቀሰሽ እሱ ነው። ስለዚህ ሂጂና አጠገቡ ቁጭ በዪ። እንዲህ በዪው፦ «ያናደደኝ ጫማህ አይደለም። ደክሞኝ ነበር። ስለጮህኩብህ ይቅርታ። ጫማውን ግን አሁንም አንሳው።» መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተያት። ይቅርታ ጠየቅሽ ማለት ሥርዓት ቀረ ማለት አይደለም።

ልጅን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ሀገር ብዙ ሰው አይወደውም። «ይንቁሻል» ይሉሻል። እኔ አልስማማም። ጥፋቱን የሚያምን ትልቅ ሰው ያላየ ልጅ የራሱን ጥፋት ሲደብቅ ነው የሚያድገው።

አሁን አማትሽ።

«ዓይን ነው» ማለታቸው እንዳናደደሽ ከአጻጻፍሽ ይታወቃል። እስቲ በሌላ በኩል እዪው። ባልሽ ታካብጃለሽ አለ። ባልደረባሽ ዝርዝር ላከች። ከቤቱ ሰው ሁሉ «ይቺ ልጅ ደህና አይደለችም» ብለው የተናገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። በራሳቸው ቋንቋ ተናገሩት እንጂ አይተውሻል። ጠበሉን ካመንሽበት ሂጂ፤ ልደታ ማርያም ደጃፍሽ ናት፣ እሳቸውንም ይዘሻቸው ሂጂ። ጠበልና ሐኪም አይጣሉም። አንዱን ለመያዝ ሌላውን ጣዪ የሚልሽ ሰው ካለ ግን አትስሚው።

ከዚያ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ደሴ ሳሉ ምን ነበራቸው? ግቢ ይኖራቸዋል። በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዕድር አላቸው፣ ማኅበር አላቸው፣ «እንዴት አደርሽ» የሚላቸው ጎረቤት አላቸው። አሁን ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ አንቺ ለገሃር፣ ልጃቸው መንገድ ላይ። እሳቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ከቴሌቪዥን ጋር። ጉልበታቸውን ካመማቸው ደግሞ ደረጃው ራሱ እስር ቤት ነው። ቡና የሚያፈሉት ለማን ነው? የቤታችሁ ዝምታ ግማሹ ከእዚያ የሚመጣ ይመስለኛል። ሲከፋቸው አይነግሩሽም። ወጥ ላይ፣ ልጅ አያያዝ ላይ፣ አንዳንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ። አንቺም ዝም ትያለሽ። ጠብ የለም፤ ሰላምም የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ቡናውን ለእሳቸው ስጫቸው። «እማማ፣ ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ የፎቁን ሰው ቡና ልጥራልዎት ነው፤ እርስዎ ያፈሉልናል» በያቸው። ልብ በዪ፣ ሥራ እያበዛሽባቸው አይደለም፤ ወንበራቸውን እየመለስሽላቸው ነው። ፊት ለፊት ያለችውን ጎረቤት፣ ከታች ያሉትን ሽማግሌ፣ ልጅ ያቀፈችውን አዲስ ተከራይ ጥሪ። ድግስ አታድርጊው፤ ቆሎ ወይም ፈንዲሻ ይበቃል። ዶሮ መሥራት ከጀመርሽ በሁለተኛው ቅዳሜ ይቀራል። ልጅሽ ቡናውን ትቁላ፣ ስኒ ታቅርብ። እጇ ሥራ ላይ ሲሆን ስልክ አትይዝም፤ ከአያቷ የምትሰማውን ደግሞ ቲክቶክ ላይ አታገኘውም።

አንቺ ግን ቶሎ አትነሺ። አቦል ላይ ሰው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው የሚያወራው። ቶና ላይ ስለ ልጆቹ። ሆዱ ያለውን የሚያወጣው በረካ ላይ ነው። በሥራ ቀን ማኪያቶ ቆመሽ ስትጠጪ የቀረብሽ ያ ሦስተኛው ስኒ ነው። ጎረቤትሽ «እኔም እኮ ሰሞኑን እንቅልፍ አጣሁ» ስትልሽ ትሰሚያለሽ። አጠገብሽ ግድግዳ ተጋርታ የምትኖር ሴት እንዳንቺው ሌሊት ነቅታ እንደምታድር ማወቅ ራሱ ያሳርፋል። ካፌይኑም ጠዋት ስለሆነ ለእንቅልፍሽ አያሰጋም።

በተረፈ አማትሽ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያግኙ። ትንሹ ልጅ እጃቸውን ይዞ ቅዳሜና እሁድ ግቢው ድረስ ያውርዳቸው። የኮንዶሚኒየሙ ዕድር ካለም አስመዝግቢያቸው። የጠዋት ብርሃን ሌሊት ለመተኛት ይረዳል። ለእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ደረጃ መውረድ መውጣቱ፣ ቀስ ከተባለ፣ ጥሩ ነው።

ስለ ባልሽ አጭር ነገር ልበል። «ታካብጃለሽ» ያለሽ ስለማያስብልሽ አይመስለኝም። ቀኑን ሙሉ የሰው ጭቅጭቅና የመንገድ መዘጋጋት ሲሰማ የዋለ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ «ከብዶኛል» ሲባል የሚሰማው «ይህንንም አንተ ፍታ» ተብሎ ነው። ስለዚህ ማታ አትንገሪው። ስትነግሪው ደግሞ እጁ የሚደርስበትን ነገር ጠይቂው። «ከብዶኛል» ቢሉት ምን ያደርጋል? «እሁድ ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት አፑን ዝጋና አብረን ምሳ እንብላ» ሲባል ግን የሚያደርገውን ያውቃል።

ያቺ የእሁድ ምሳ ትበቃችኋለች። በየማታው አብራችሁ ብሉ ብልሽ ውሸት ይሆንብሻል፤ ሥራው አይፈቅድም። አንድ ትሪ፣ አምስት ሰው፣ ስልክ የለም። ምሳ ላይ ስለ ፈተና ውጤት አይጠየቅም፣ ስለ ብር አይወራም። ከምሳ በኋላ ሁለቱ ልጆች አየር ይፈልጋሉ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ቸርችልን ይዛችሁ ፒያሳ ድረስ ውጡ፤ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዳገቱ ላይ ሁሉም ዝም ይላል፤ ይህ ግን ደህናው ዝምታ ነው። ልጅሽ ማንበብ የምትወድ ከሆነች አንዳንድ ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውሰጃት።

ብሩስ? አልጻፍሽውም፤ ግን ያልተጻፈውም ይነበባል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ይተመን ከተባለ በኋላ፣ የመለዋወጫውም የነዳጁም ዋጋ የት እንደደረሰ ከባልሽ በላይ የሚያውቅ የለም። የብር ጭንቀት በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ሲወራ ቤቱን ሙሉ ይይዛል። አንቺ መሥሪያ ቤት ሂሳብ በወር አንዴ እንደምትዘጊው ቤትም እንደዚያው አድርጊ። ደሞዝ በወጣ በመጀመሪያው እሁድ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ። የባንኩን ክፍያ፣ የትምህርት ቤቱን፣ ዕቁቡን ወረቀት ላይ አውርዱት። ጥያቄው «ስንት ይጎድላል?» ይሁን፤ «ለምን ጎደለ?» ካላችሁ ሌሊቱ ይነጋል። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ወረቀቱ ይታጠፍ፤ እስከሚቀጥለው ወር አልጋ ላይ ስለ ብር አይወራ።

«ከየትኛው ልጀምር?» ብለሻል። ይህን ሁሉ ቆጥረሽ አዲስ ወረቀት እንዳትለጥፊ ፈራሁ። ሁለት ብቻ፦ ስልኩ ሳሎን ይደር፣ ማታ በእግርሽ ነይ። ወር ያህል እነዚህን ብቻ ያዢ። አንድ ቀን ካመለጠሽ አመለጠሽ፤ በማግስቱ ትቀጥያለሽ። የቅዳሜው ቡና ግን ወር አይጠብቅም። እሱ የአማትሽ ሥራ ነው፤ የአንቺ ድርሻ ጎረቤት መጥራት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄሽ። ታምሜ ነው ወይ?

በደብዳቤ ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም፤ እኔም ሐኪም አይደለሁም። ግን «ራሴን እጠላለሁ» ያልሽውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እነዚህን ራስሽን ጠይቂ። ላለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ከፍቶሽ ነው የምትውዪው? ድሮ ደስ ይልሽ የነበረ ነገር አሁን ምንም አይመስልሽም? ስልኩ ሳሎን አድሮም እንቅልፍ እምቢ ይልሻል? ምግብ አስጠልቶሻል ወይም መብላት አብዝተሻል? በሆነ ባልሆነው ራስሽን ትወቅሻለሽ? አብዛኛው «አዎ» ከሆነ ይህ ጠባይ አይደለም፣ ዓይንም አይደለም፤ የሚታከም ድብርት ሊሆን ስለሚችል ታዪ። ብሞት ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ሁለት ሳምንትም፣ ሁለት ቀንም አትጠብቂ። ያኔውኑ ለባልሽ ንገሪና አብራችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው።

ይህ ሁሉ ባይኖርብሽም አንድ ነገር አድርጊ። በዚህ ወር ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምሽን ታዪ። የደም ማነስ በሴቶች ላይ ብዙ ነው፤ ድካምና ንጭንጭ ያመጣል። የእንቅርት ዕጢ በትክክል አለመሥራትም እንዲሁ ስሜትን ያዛባል። ሰው ዓመት ሙሉ ጠባዩን ሲወቅስ ቆይቶ ችግሩ ደሙ ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ለሐኪሙም «ደከመኝ» ብቻ ብለሽ አትውጪ። እንቅልፍሽን፣ ልቅሶሽን፣ ጩኸቱን ሁሉ ንገሪው። ካልተናገርሽ ቫይታሚን ጽፎ ይሸኝሻል።

የአእምሮ ሐኪም ይይሽ ከተባለ ደግሞ አትደንግጪ። በእኛ ከተማ «አማኑኤል» የሚለው ስም ስድብ ሆኖ መኖሩ ያሳዝነኛል። አማኑኤል ሆስፒታል ስንቱን ሰው ወደ ሥራውና ወደ ቤቱ የመለሰ ቤት ነው። ስሙ ከከበደሽ ግን ጥቁር አንበሳም፣ ዘውዲቱም፣ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጥቁር አንበሳ ለአንቺ ቅርብ ነው። ኮሪደሩ ላይ ከማን ጋር እንደምትገናኚ አትጨነቂ፤ እዚያ የመጣ ሰው ሁሉ ለራሱ ነው የመጣው።

ለባልሽ ይህን ዓምድ ብታሳዪው ቅር አይለኝም። ማታ ግን አይደለም። እሁድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጠግቦ ሳለ።

የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ጻፊልኝ። አማትሽ ለቅዳሜው ቡና ማን ማን እንዲጠራ እንዳሉም ጨምሪበት።